የሰኔ ክርን

ዓመቱን ሙሉ ሲያዛጋ የከረመ ምክር ቤት ሰኔ ሲገባ የሚይዘውንና የሚጨብጠውን ያጣል። ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም፤ ከሚያዛጉት አንዷ እኔ ነኝ። የእንጀራ ሥራዬ ማስተማር ነው። ከጉርድ ሾላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። የሠፈሬ ሰዎች ደግሞ በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ ፍሳሽ ቦያችን ጮክ ብዬ ስናገር ሰሙና «አንቺ አትፈሪም፣ አንቺ ትናገሪልናለሽ» ብለው መርጠው ምክር ቤት አስገቡኝ። ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ቦዩ ለመናገር እስካሁን ተራ አልደረሰኝም።

ሰኔ ትምህርት ቤትም ምክር ቤትም አንድ ነው። ተማሪዎቼ ዓመቱን በኳስ ይፈጁና ፈተና ሲደርስ ደብተር ይዋሳሉ። እኛም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሁለት ረቂቅ ሕግ እናገላብጣለን፣ አንዱን ለተጨማሪ ጥናት እንመልሳለን፤ ሰኔ ሲገባ ደርዘን ሙሉ ረቂቅ በቴሌግራም ይወርድብናል። ስልኬ ቦታ ሞልቷል ብሎ ያኮርፋል። አንዳንዱ ረቂቅ ገጹ በጎኑ ተኝቶ ስለሚላክ አንገታችንን አጣመን እናነባለን፤ ማለቴ፣ የሚያነቡት ያነባሉ። ጉባኤው ሳይዘጋ ሁሉም መጽደቅ አለበት። ሲዘጋ ደግሞ የቡድን ፎቶና ቦሌ የሚደረግ የመዝጊያ ምሳ አለ፤ ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው የምሳው አዳራሽ ኪራይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኛ ግን እናፈስሳለን እንጂ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ከጎኔ የሚቀመጡት አንጋፋ አባል ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሰኔዬ ድምፅ ሲሰጥ እጄን እንደ ተማሪዎቼ ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርጌ ሳወጣ አይተው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ካወጣሽው እስከ ምሳ አትደርሺም» አሉኝ። «ዛሬ ዘጠኝ አጀንዳ አለ። በሰኔ ክርን ከጠረጴዛ አይነሳም።»

አሳዩኝ። ክርናቸው ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ሲሉ ክንዳቸው ብቻ፣ ቦሌ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ እንደሚነሳው ዘንግ፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል። «ጸድቋል» ሲባል ይወርዳል። ትከሻ አይደክምም፣ ኮት አይጨማደድም፣ ግራ እጅ ደግሞ ሻይ ለማንሳት ነጻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳቅኩባቸው። በሁለተኛው ዓመት እኔም ለመድኩት። በሦስተኛው ዓመት ጭኔ ላይ የፈተና ወረቀት ዘርግቼ በግራ እጄ እያረምኩ በቀኝ እጄ ሕግ ማጽደቅ ችዬ ነበር። አንድ ቀን ለአንድ ልጅ ከአሥር ስምንት ሰጥቼ በዚያው ትንፋሽ የቆሻሻ አወጋገድ ደንብ አጽድቄያለሁ። የልጁን ወረቀት ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

በአራተኛው ሰኔ ግን አንድ ረቂቅ አነበብኩ። ያነበብኩትም ትጉ ሆኜ አይደለም። ርእሱ ገበያን ስለማዘመን ይላል፤ እኔ ደግሞ በርበሬዬን የምገዛው ሾላ ገበያ ነው። ትምህርት ቤታችን በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ በቀይ እስክሪብቶዬ እየተከተልኩ ስሄድ አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ደረስኩ። የወለል ስፋቱ ከአራት ካሬ ሜትር የሚያንስ መደብ እንደ መደብ አይቆጠርም፣ ፈቃዱም ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ አይታደስም ይላል። ጎኑ ላይ በቀይ «ለምን?» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪ ቢሆን ኖሮ አስጠርቼ እጠይቀው ነበር።

በማግሥቱ ሾላ ሄድኩ። በርበሬ የሚሸጡልኝ እናት ከወሎ የመጡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አራት ልጆች ያሳደጉት በዚያች መደብ ነው፤ የመጨረሻዋን ልጅ እኔው አስተምሬያታለሁ። ከጨርቅ ሻጭ ሜትር ተውሼ መደባቸውን መለካት ስጀምር የበርበሬውን ጆንያ አፍ እየጠቀለሉ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ልትገዢኝ ነው?»

«ሕግ ሊወጣ ነው እማማ።»

የአዋጁን በጆሮ ይባላል፤ ይህኛው አዋጅ ግን ገበያው ውስጥ ማንም ስላልሰማው ጆሯቸው ጋ ጠጋ ብዬ መናገሬ ነውር አልነበረውም። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። አባዝቼ ነገርኳቸው።

«እና ስንት ጎደለኝ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ኮረሪማ የተሰጣበት ትልቅ ሰፌድ አጠገባቸው ነበር። «ይቺን የምታህል» አልኳቸው።

«ሰፌዷን?» ሳቁ። «ታዲያ ሰፌዷን ልላክላቸዋ።»

ጎናቸው ያለው ሳሙናና ዘይት ነጋዴም ሳቀ። የሱን መደብ ስለካው የባሰ ጠባብ ሆኖ ተገኘና ሳቁን ተወ። እማማም ቀኝ እጃቸውን መደቡ ላይ አሳርፈው፣ «ወላሂ ልጄ፣ እኔ የናንተን አዳራሽ አላውቀውም» አሉኝ። «አንቺ ግን እዚያ አለሽ። ይቺን ነገር ተናገሪልኝ። ሰፌድ የምታህል ነገር ናት።»

«እናገራለሁ» አልኳቸው።

«በቲቪ እናያታለን» አለ ሳሙና ነጋዴው። እንደ ማበረታቻ ነው የተናገረው።

ጥያቄዬን ረቂቁን ለያዘው ኮሚቴ በጽሑፍ አስገባሁ። መልስ አልመጣም። ደግሜ አስገባሁ። መልሱ ሳይመጣ የሥልጠና ጥሪ መጣ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ሆቴል፣ የሕዝብን ድምፅ ስለማዳመጥ። ሁለት ቀን ሙሉ በቡድን ተከፋፍለን ባለ ቀለም ቁራጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። የኛ ቡድን «ማዳመጥ» የሚል አረንጓዴ ወረቀት ለጥፎ ተጨበጨበለት። በሻይ ሰዓት የኮሚቴውን ሰብሳቢ ሳምቡሳው ጠረጴዛ ጋ አገኘሁት። መልካም ሰው ነው፤ አዳራሽ ውስጥ «የተከበሩ» እንባባላለን፣ ከአዳራሽ ውጭ እህትና ወንድም ነን።

«አራት ካሬው ከየት መጣ?» አልኩት።

«ከልምድ ልውውጥ።»

አርቃቂዎቹ ውጭ አገር ሄደው አንድ ገበያ ጎብኝተው ኖሯል። ገበያው ሊፍት አለው።

«ሕዝቡስ ተወያይቶበታል?»

«በደንብ እንጂ። ባለድርሻ አካላትን እዚሁ ቦሌ ሰብስበን፣ ሁሉም ደግፈውታል።»

ባለድርሻ አካላቱ እነማን እንደነበሩ ስጠይቀው ቆጠረልኝ። ሁሉም የቦሌ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ የትንሹ ሱቅ ስፋት ሠላሳ ካሬ ነው። ሠላሳ ካሬ ያለው ሰው አራት ካሬን ለምን ይቃወማል? ስለ ሰፌዷ ነገርኩት። ከልቡ አዘነ። ሳምቡሳውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ልክ ነሽ እኮ። ግን ሰኔ ላይ ቃል አይነካም። አንድ ቃል ከተነካ ረቂቁ ይመለሳል፣ ከተመለሰ ለከርሞ ይዞራል፣ ለከርሞ ከዞረ የዓመቱ ዕቅዳችን መቶ በመቶ አይሆንም። ዘጠና ሁለት ይሆናል። ዘጠና ሁለት ይዘን ፎቶ ልንነሳ ነው?»

«ጉባኤው ላይ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። መድረኩ ሁሌም ክፍት ነው» አለኝና ሳምቡሳውን አነሳ።

ወሰንኩ። ዕድል ከተሰጠኝ እናገራለሁ፤ ካልተሰጠኝ ብቻዬን እቃወማለሁ። አንድ ድምፅ ሕጉን እንደማይጥለው አውቃለሁ። ግን ቢያንስ «በሙሉ ድምፅ» አይባልም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ የተቃወመች ሴት ትኖራለች፣ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው ለምን ተቃወመች ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ንግግሬን በአንድ ገጽ ጻፍኩ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኬን ሰዓት አድርጌ አነበብኩት። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ወጣው። ሁለት ምስጋና ቀነስኩለትና አንድ ደቂቃ ሆነ።

የመዝጊያው ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። አሥራ አንድ አጀንዳ አለን፤ የገበያው ረቂቅ ዘጠነኛ ነው። ጋሼ አዲስ ክራቫት አስረው መጥተዋል። አንደኛው ጸደቀ፣ ሁለተኛው ጸደቀ። ሦስተኛው ላይ አንድ አባል ዕድል ተሰጥቷቸው አርቃቂዎቹን አመሰገኑና ተቀመጡ። አራተኛው ላይ ሌላ አባል የቀደሙትን አባል አመስጋኝነት አመሰገኑ። ክርኔ ከጠረጴዛው አልተነሳም፤ ክንዴ ይነሳል፣ ይወርዳል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።

ዘጠነኛው ሲጠራ ወረቀቴን በግራ እጄ አወጣሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የውሳኔ ሐሳቡን ማንበብ ሲጀምር እኔ ንግግሬን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁትና «ሰፌድ» የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። በእንዲህ ያለ የተከበረ አዳራሽ፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ ሰፌድ ይባላል? ወይስ «ዜሮ ነጥብ አራት ካሬ ሜትር» ልበል? ዜሮ ነጥብ አራት የተማረ ሰው ያስመስላል። ሰፌድ ግን የሳቸው ነው። ሰፌድን በቀይ እስክሪብቶዬ ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። አፈ ጉባኤው መናገር ጀምረዋል፤ «መድረኩ ለውይይት ክፍት ነው» እስኪሉ እየጠበቅኩ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ፣ «ሰፌድን የምታህል» ይሻላል ወይስ «ሰፌድ የምታህል» እያልኩ ነበር።

«ረቂቁ በኮሚቴ ደረጃ ሰፊ ውይይት ስለተደረገበትና ጊዜም ስለገፋ በቀጥታ ወደ ድምፅ እንሄዳለን። የምትደግፉ።»

«የምትደግፉ» የሚለው ቃል ከጆሮዬ ተነስቶ ወደ ክርኔ ሄደ፤ በጭንቅላቴ በኩል አላለፈም። ቀና ስል ፊቴ ላይ አንድ እጅ ቆሟል። ጣቱ ላይ ቀይ ቀለም አለበት። የማን እጅ ነው ብዬ አየሁት፤ የኔው ነው።

«የምትቃወሙ። የለም። ድምፀ ተአቅቦ። የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ይህ ሁሉ አንድ ሰው አስነጥሶ ይማርህ እስኪባል ድረስ የሚፈጅ ጊዜ ነው። ጭብጨባው መጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እጅ ሲያመልጥ ግን በቀጥታ ሥርጭት ይታያል። መነሳት እችል ነበር። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ማለትን አውቃለሁ፤ እሱንም ሥልጠና ወስጄበታለሁ። እጄ ተሳስቶ ነው፣ ተቃውሞ ተብሎ ይመዝገብልኝ ማለት ነው፣ በቃ። ግን አዳራሹ ሲስቅ ታየኝ። አትፈሪም ተብዬ የተላክሁት ሴትዮ ሳቅ ፈርቼ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አሥረኛው አጀንዳ ተጠራ።

ለጋሼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። «ተሳስቼ ደገፍኩት።»

ብዙም አልደነቃቸውም። «እኔ አንድ ሰኔ የገዛ ግቢዬን አጥር ወደ ኋላ የሚገፋ ረቂቅ ደግፌያለሁ» አሉኝ። «ካርታውን ያየሁት መጥተው በሬ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀቡ ነው። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።» ከዚያ አሥረኛው አጀንዳ ድምፅ ሊሰጥበት ስለነበር ክርናቸውን አስተካከሉ። የኮታቸው ቀኝ ክርን ከመታሸት ብዛት እንደሚያብለጨልጭ ያን ቀን አየሁ። የራሴንም ጃኬት አየሁት።

ፎቶውን በዣንጥላ ስር ተነሳን። ቦሌ ሄደን ምሳውን በላን። እኔም በላሁ፤ ይህን ልደብቀው አልፈልግም፣ ክትፎውንም ደግሜ አንስቻለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መቶ በመቶ ብሎ ብርጭቆውን አነሳ። አፍሬ ነበር፤ ግን እፍረት የምግብ ፍላጎት አይዘጋም፤ ወይም የኔው እፍረት እንዲያ ያለ ነው።

ሁለት ሳምንት ሾላን ራቅሁት። ቦሌ ካለ ሱፐርማርኬት የታሸገ በርበሬ ገዛሁ። መልኩ የተፈጨ ጡብ ነው፣ ጣዕሙም ከዚያ አይርቅም። ወጡን ቀምሼ ድስቱን አውርጄ ተቀመጥኩ። ሕጉን ደግፌ ወጡንም ላበላሽ አልችልም አልኩና በማግሥቱ ቅዳሜ ሾላ ሄድኩ።

ስደርስ መደቡ ተለውጧል። በበርበሬውና በሳሙናው መካከል የነበረው ጣውላ ተነስቷል። ሳሙናው ከወዲያ፣ ጆንያዎቹ ከወዲህ፣ መደቡ አንድ ነው።

«ሕጉን ሰምተን ለካነው» አሉኝ እማማ። «አንድ ላይ ሲሆን ከስድስት ካሬ ያልፋል። ፈቃዱ አንድ ስለሆነ በሱ ስም ይወጣል። እሱ እግሩ ደህና ነው፣ ቢሮ ለቢሮ ይሮጥበታል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ የሱ ሠራተኛ ነኛ» ብለው ሳቁ።

ነጋዴው አልሳቀም። ከሥር ጀምሮ የደረደረውን ሳሙና አፍርሶ እንደገና መደርደር ጀመረ። እኔም አልሳቅኩም። አራት ልጆች ያሳደጉባት መደብ ላይ በስተርጅና ተቀጣሪ ሆነዋል፤ የቀጠራቸው ሰው ደግሞ እማማ እያለ ያደገ ጎረቤታቸው ነው።

«በቲቪ አይታችሁ ነበር?» አልኳቸው።

«የት አባቱ፣ ያን ለት መብራት ጠፍቶ ዋለ። ተናገርሽልኝ?»

ማንም አላየኝም። ይህን ሳውቅ ውሸቱ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ መጣ። ተናግሬ ነበር፣ አልሰሙኝም። ከዚህ የሚቀል ዐረፍተ ነገር የለም፤ ምክር ቤታችን ውስጥ ስንቱ በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው ሠፈሩ ገብቶ ሰላም የሚባለው። እማማ ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። እጃቸው የበርበሬ ማንሻው ላይ ነው።

«አልተናገርኩም» አልኳቸው። «እንዲያውም እጄን አውጥቼ ደገፍኩት። አስቤ አይደለም። ለምዶብኝ ነው።»

ነጋዴው ሳሙናውን እንደያዘ ቆመ። እማማ በርበሬውን ሚዛኑ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። እያፈሰሱም፣

«እኔም ዱዓ ሲደረግ ሐሳቤ ገበያ ሄዶ፣ ምን እንደተባለ ሳልሰማ አሚን ያልኩበት ቀን ብዙ ነው» አሉኝ። «አብሽሪ ልጄ።»

ይቅር ተባልኩ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ነገራቸውን አልጨረሱም ነበር።

«የኔን አሚን አላህ ያውቀዋል፤ ሳልሰማ እንዳልኩት ያውቃል፣ አይዝብኝም። የናንተን ግን የሚጽፍ ሰው አለ።»

ኪሎዬን መዝነው ላስቲኩ ውስጥ ገለበጡልኝ። እንደ ወትሯቸው ለምርቃት አንድ ጭብጥ በርበሬ ከጆንያው ዘገኑ። እጃቸው ላስቲኩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ወደ ሳሙና ነጋዴው ዞሩና፣

«ልጨምርላት?» አሉት።